በሃምሳው የተያዘ ሱባኤ

አባቴ ሊመንን ነው ብዬ ሰፈር ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ድረስ ቤታችን ድግስ በተደገሰ ቁጥር አንዱ ይነሳና «እስቲ መቅደላዊት፥ ያን የዋልድባውን ነገር አጫውቺን» ይለኛል። እኔም የሚስቁበትን ቦታ ስለማውቅ እዚያ ላይ ስደርስ ፋታ እሰጣቸዋለሁ። መጨረሻውን ግን ለድግስ አላወራውም። አሁን ከነመጨረሻው ልናገረው።

አባቴ መሪጌታ ፍቅረ ማርያም ጎንደር ውስጥ ከአንድ ደብር ዜማ ያስተምር ነበር። ድምፁ ከቅጥሩ ውጭ ይሰማል፤ ሆዱ ደግሞ ከራሱ ቀድሞ በር ይገባል። መብላት ይወድ ነበር እላችኋለሁ። ሻይ ሲጠጣ አራት ማንኪያ ስኳር ነው፤ ያውም ቁልል ያለ። ማር ያየ እንደሆነማ ትምህርትም ተማሪም አያስታውስም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገብተን ዳቦውን በጠላ ሲያወራርድ አጠገቡ መቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቅርፊቱን ለእኔ ነው የሚሰጠኝ።

ያ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀረ። ፋሲካ ካለፈ ሦስተኛው ሳምንት ላይ መሰለኝ። አገሩ ሁሉ ሁዳዴን ፈትቶ እየበላ፥ እየጠጣ፥ እየተጠራራ ሳለ አባቴ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣ ጀመር። ጠዋት ገና ወፍ ሲንጫጫ ይነሳና መቋሚያውን ይዞ፥ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል። የት ሄደህ ነው ሲሉት «በእግሬ ዞር ዞር ብዬ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። እናቴ እናኑ ጎመን ትቀቅልለታለች፤ እንጀራው ግማሽ ሆነ። ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ደግሞ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቶ መጣ። መሪጌታና ሸራ ጫማ! ተማሪዎቹ ዘወር ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ነገሩ ገብቶኝ ነበር።

ምን ገባሽ በሉኝ። የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ፤ ስለ ገዳም የማላውቀው የለም። የዋልድባ መነኮሳት እህል አይቀምሱም፥ የሚበሉት ቋርፍ የሚባል ከሥር የሚሠራ ነገር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አባቴ ጎመኑን ያለ ጨው ፊቱን ሳያጠቁር ሲበላ ሳይ፥ ለቋርፉ እየተለማመደ ነው አልሁ። የጠዋቱ ጉዞ እግሩን ለበረሃው ማስለመጃ ነው። ሸራ ጫማውማ ለማን ይጠፋዋል?

ደግሞም ከቤታችን እሱ የመጀመሪያው አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ አያ እንዳልካቸው ዛሪማ ነበር የሚኖረው። በመጣ ቁጥር ሰሊጥ በማር ለውሶ ያመጣልኛል፤ ከአባቴ የባሰ ሳቂታ ነበር። ባለፈው ዓመት አዘዞ አክስቴ ቤት ሁለት ሳምንት ከርሜ ስመለስ እናቴን ጥቁር ለብሳ አገኘኋት። ምነው ብላት አያ እንዳልካቸው ገዳም ገባ፥ ዋልድባ ሄደ አለችኝ። ጥቁሩ አልገረመኝም። ለሚመነኩስ ሰው እንደ ሞተ ተቆጥሮ ፍትሐት እንደሚደረግለት አባቴ ሲያስተምር ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ልክ ነው። ብቻ ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ተቀይሜው ነበር።

ቁርጡን ያወቅሁት ሰንበቴ ቤት ነው። የሰንበቴው ሙሴ፥ አለቃው ማለት ነው፥ አያ ዓለምነው ናቸው። እሳቸው ፊት ዋንጫ የመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም። የዕለቱ ተረኛ ጠላውን ይዞ ሲመጣ አባቴ መዳፉን በዋንጫው አፍ ላይ ከደነ። አያ ዓለምነው ምነው መሪጌታ አሉ። አንዱ በሞቴ አለ፥ አንዱ በማርያም፥ ሌላው አፈር ስሆን። አባቴ ግራ ቀኙን አየና «ሱባኤ ይዣለሁ» አለ።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን አይጾምም፥ አይሰገድም። ይኼን ደብራችን ውስጥ ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል፤ ያስተማረው ራሱ አባቴ ነው። ለተራው ሰው የተከለከለውን የሚያደርግ ዓለምን የናቀ ብቻ ነው ብለው መሰለኝ፥ ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ዋንጫውን ወሰዱለት። አያ ዓለምነው እጅ ሊነሱት ምንም አልቀራቸው።

አባቴ ስኳር ነበረበት። ዛሬ ሳወራው በአንድ ቃል ያልቃል። ፋሲካ ሰሞን ውኃ ጥም መቀመጫ ቢነሳው ሐኪም ቤት ሄደና በየቀኑ ተራመድ፥ ጣፋጭና መጠጥ ተው፥ ጨው ቀንስ፥ ምግብህን መጥን ተባለ። ለሰው አልተናገረም። ቢናገርስ? በእኛ አገር የታመመ የሚጠየቀው ማር ተይዞ ነው። ሐኪም ከለከለኝ ብትል ደግሞ አንድ ዋንጫ ምን ታደርግሃለች ትባላለህ፤ ሱባኤ የያዘን ሰው ግን የሚነካው የለም። አባቴ ያሰበው ይህን ነው። የረሳው ወቅቱን ነው። ቃሉ አንዴ ካፉ ከወጣ ወዲያ ደግሞ መምህር ነውና «ተሳሳትሁ» ማለት ሞቱ ሆነ።

እኔ ይኼን በምን ልወቅ? እንዲያውም በማግሥቱ ጠዋት ሲወጣ እናቴ በር ላይ ይዛ ስታለቅስበት ሰማኋት። «እንደ ወንድምህ እንዳትሆንብኝ። ይቺን ልጅ ማን ላይ ትጥላታለህ?» አለችው። እሱም «እንዳልካቸው ሰው እንዳይመክረው ተደበቀ። እኔ ቁርጤን አውቄ ነው የተነሳሁ» ብሎ ወጣ።

ብርድ ልብሴን ጥዬ ተከተልሁት። ሲራመድ ለካ ፈጣን ነው። እኔ እየሮጥሁ እሱ እየሄደ፥ ቁልቁለቱን ወርደን፥ ዳቦ የሚሸተውን ሰፈር አልፈን መናኸሪያ ደረስን። ረዳቶቹ «ደባርቅ፥ ደባርቅ» እያሉ ይጮኻሉ። አንዱን ጠጋ ብሎ ሐሙስ ወደ ዛሪማ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀው። ከተከመረ ሻንጣ ኋላ ተደብቄ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። የዋልድባ መንገድ በዛሪማ በኩል ነው፤ ሐሙስ ደግሞ ሦስት ቀን ነው የቀረው።

እግዜር ይመስገን እናቴን ለመርዳት አላንስም አልሁና በቀጥታ ወደ ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ሄድሁ። እትዬ ስንዱ ጠጅ ትጥላለች። ወሬም ትጥላለች፤ ሁለቱም እጇ ላይ ሳይውል ሳያድር ይበስላል። እንስራዋን እያጠበች ነበር። አባባ ሐሙስ ዋልድባ ሊገባ ነው አልኋት። እጇን ከውኃው አወጣች። እናትሽ ታውቃለች ወይ አለችኝ። ታውቃለች፥ ታለቅሳለች አልኋት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ቀትር ሳይሆን ሰፈሩ፥ ቀን ሳይመሽ ደብሩ ሰማ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ መጣ። ከፊት አያ ዓለምነው፥ ቀጥሎ የንስሐ አባታችን ቄስ ሐብተ ማርያም፥ ከዚያ የሰንበቴው ሰዎች፥ ከኋላ እትዬ ስንዱ በገንቦ ጠጅ አሸክማ። አባቴ ሸራ ጫማውን እንኳ አላወለቀም ነበር። ሰዎቹ ጫማውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አያ ዓለምነው ቆመው ብዙ ተናገሩ። ደብሩ ያለ እርስዎ ድምፅ ምን ይውጠዋል፥ ተማሪዎቹ ይበተናሉ፥ እናኑ ገና ልጅ ናት፥ ይቺ ሕፃን ምን በደለች አሉ። እኔን ሲጠቅሱ አለቀስሁ። አባቴ ዓይኑን አፍጥጦ «ማነው የሚመንነው?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ስንዱ ወደ ሰዎቹ ዞር አለችና የቆረጠ ሰው መች ይናገራል አለች። ሁሉም ልክ ነው አሉ።

አባቴ አልመንንም ብሎ ማለ። ቄስ ሐብተ ማርያም እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው አሉት። ወቅቱ ሃምሳው ነው፥ ጾም የለም፥ የማይመንኑ ከሆነ ይቺን ይቅመሱልንና ልባችን ይረፍ። እትዬ ስንዱ ብርሌውን ሞልታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ጠጁ እንደ ቅቤ ቢጫ ነው። ለእሱ ብላ ማሩን አብዝታ እንደጣለችው ምላ ነገረችን።

ያን ሰዓት የሚጠጣ ከሆነ ቀረልን፥ የማይጠጣ ከሆነ ሄደብን ብዬ ትንፋሼን ይዣለሁ። እናቴ ትከሻዬን ጨብጣኝ ነበር። ጣቶቿ ያሙኛል። እንዲህ የያዘችኝ እንዳይመንን ፈርታ መስሎኛል እንጂ ብርሌዋን ፈርታ እንደሆነ በምን ልጠርጥር? አባቴ ብርሌውን እያየ ቆየ። ኋላ እንደነገረኝ «አንዴ ልጠጣና ልገላገል» ብሎ ቆርጦ ነበር። አነሳው፤ ከንፈሩ ጋ አደረሰው፤ እዚያው ላይ ቆም አለ።

ያኔ ነው ከእናቴ እጅ አምልጬ ፊቱ የቆምሁት። ትልልቅ ሰዎች ሲሉት ሁሌም ሲሠራ አይቻለሁ፤ እኔ ግን በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር።

«አባባ፥ በሞቴ ጠጣ» አልሁት።

አባቴ ብርሌውን ከከንፈሩ አወረደው። መጀመሪያ እኔን አየኝ፥ ቀጥሎ እናቴን። ብርሌውን መሬት ላይ አስቀመጠና ተነሥቶ ቆመ።

«ልጄ በሞቷ ለምናኝ የሚገድለኝን አልጠጣም» አለ። «ሱባኤ የለኝም። ዋሽቻችኋለሁ። ስኳር ነው ያለብኝ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቄስ ሐብተ ማርያም መስቀላቸውን ማገላበጥ ያዙ። እኔ ደግሞ ስኳር እንዴት ሰው ላይ ይኖራል እያልሁ አስባለሁ፤ ያውም እርም ባለው ሰው ላይ። በመጨረሻ አያ ዓለምነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እርስዎ ማለቱንም ትተው «ያንተ ኪኒን ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ጠዋት ማታ?» አሉት።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን አውጥተው አሳዩት። ስኳር ከተገኘባቸው ሦስት ዓመታቸው ነው። እሑድ እሑድ ሕዝቡን በሞቴ እያሉ ሲያጠጡ የራሳቸው ዋንጫ ውስጥ ያለው ውኃ ነበር። የሰንበቴ ሙሴ ስለሆኑ ዋንጫቸውን አጎንብሶ የሚያይ የለም።

ድግስ ላይ ሳወራ ሰው የሚስቀው እዚህ ነው። ያን ቀንም መጀመሪያ እትዬ ስንዱ ሳቀች፥ ከዚያ ሁሉም። ታዲያ ይኼን ሁሉ ጠጅ ማን ይጠጣዋል ብላ ስትጠይቅ ቄስ ሐብተ ማርያም ችግሩን እንደሚወጡት ነገሯት፤ ተወጡትም። ከመሄዳቸው በፊት ግን ለአባቴ ቀኖና ሰጡት፦ ሃምሳው ሲያልቅ፥ በስሙ ለዋሸበት ሱባኤ እውነተኛውን ሱባኤ ይይዛል፥ በየቀኑ አርባ አርባ ይሰግዳል። በሰኔ ሐኪሟ ስታየው ይኼን ሸጋ ስፖርት ማን አዘዘልህ አለችው አሉ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አያ ዓለምነው ማለዳ በራችን ላይ እየመጡ ያስሉ ጀመር። ሁለቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወርዱ ያየ፥ ንግሥ ያለ እየመሰለው ተከትሏቸው ያውቃል።

እንግዲህ ለድግስ የማወራው እዚህ ድረስ ነው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፥ አባቴ ደጅ ዱካው ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። ይገርፈኛል ብዬ ነበር። ለእትዬ ስንዱ የነገርሽ አንቺ ነሽ አለኝ። አዎ አልሁት። ለምን አለኝ።

«እንደ አያ እንዳልካቸው ዋልድባ ልትገባ መስሎኝ።»

ሸራ ጫማውን አወለቀና አጠገቡ አስቀመጠው።

«እንዳልካቸው ዋልድባ አልገባም» አለኝ። «እግሩን ጫማ ልጦት ነበር። ትንሽ ቁስል ናት፥ አልተሰማችውም። ስኳር እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማ ብሎ ሐኪም ሸሸ። ስንደርስበት እግሩን ቆረጡት፤ እሱም አላዳነው። ሐሙስ የምሄደው ለሙት ዓመቱ ነው። ሕፃን ነሽ ብለን ደበቅንሽ፤ ደግ አላደረግንም።»

ዓመት ሙሉ ያኮረፍሁት ሰው ሞቶ ኖሯል። አለቀስሁ፥ በጣም አለቀስሁ። መሃል ላይ ግን አባቴ አይሄድም ማለት ነው የሚለው ትዝ እያለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያ ደስታዬ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አባቴ ፊቴን በነጠላው ጫፍ ጠረገልኝና «ቄስ ሐብተ ማርያም ለእኔ ቀኖና ሰጡኝ፥ እኔ ደግሞ ላንቺ እሰጥሻለሁ» አለኝ። ሐኪሟ ካዘዘችው ሁሉ አንድ ነገር አልፈጸመም ነበር። ማታ ማታ ውስጥ እግሩን፥ በየጣቱም መሃል፥ እንዲያይ ተነግሮት ኖሯል። ሆዱ ጎንበስ አያስብለውም። እናቴ ደግሞ እግሩን ባየች ቁጥር እንዳልካቸው ትዝ እያላት ታለቅሳለች። አንቺ ታዪልኛለሽ አለኝ። ቀኖና ነውና እምቢ አይባልም።

እውነቱን ልናገር፥ መጀመሪያ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ነበር የማየው። ምን ይታያል? እግር ነው። እሱ ድጓውን እያነበነበ እኔ ትንሿን ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፥ አገላብጬ አያለሁ፥ ደህና ነው እላለሁ፥ ልጫወት እሄዳለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ውስጥ እግሩን ኮረኮርሁት። አልሳቀም። ደግሜ ኮረኮርሁት። ማንበቡን እንኳ አላቋረጠም። መሪጌታ ስለሆነ ነው አልሁና ተውሁት።

ሰኔ ውስጥ ነው፥ ዝናቡ ጀምሯል። ያን ቀን ጠዋት ከአያ ዓለምነው ጋር ሄዶ፥ ውሎውን ቆሞ አስተምሮ፥ አርባውን ሰግዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ካልሲውን ሳወልቀው ከተረከዙ ጋር ተጣብቋል። ሳብ ሳደርገው ደም አየሁ። ወደ ብርሃኑ አዞርሁት። የግራር እሾህ ነው፤ ከነውፍረቱ ገብቶ ከላይ ተሰብሯል፥ ዙሪያው ጠቁሯል። ጠዋት የወጋው መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ ቆሞበታል፥ ሰግዶበታል።

«አባባ፥ አያምህም?» አልሁት።

ከመጽሐፉ ላይ ቀና አለና «ምኑ?» አለኝ።

እናቴን ጠራኋት፥ ወረንጦ አመጣች፤ እሷ ብርሃን ያዘች፥ እኔ ነቀልሁት። አባቴ አልተሰማውም፤ የሚያየው የእኔን ፊት ነበር። በነጋታው በጠዋት ሐኪም ቤት ሄዶ አጠቡለት፥ በሦስት ሳምንት ዳነ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቶሎ ቶሎ አይቼ አላውቅም። ዋልድባ የሚለውን ተሳስቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ግን ልክ ነበር። አባቴ ሊሄድብኝ ይችል ነበር፤ ያውም ሳይታወቀው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ። አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ጠፍቷል፥ ድምፁ አልጠፋም። እኔ ዩኒቨርሲቲ እሠራለሁ፥ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቻለሁ። ከሥራ ስወጣ ሚኒባስ ይዤ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እነሱ ነው። ጓደኞቼ ሻይ እንጠጣ ሲሉኝ የምቸኩልበት አለኝ እላቸዋለሁ፤ ፍቅረኛ ያለኝ ይመስላቸዋል። ትንሿን ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ካልሲውን አወልቃለሁ። መጀመሪያ ቀኙን አያለሁ፥ ቀጥሎ ግራውን። ሁለቱም አሉ።